የላስቲኩ ዓሣ እንዲዋኝ

ባለፈው ሚያዝያ ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ ሐይቅ ዳር ቆሜ የላስቲክ ዓሣ እወረውራለሁ። ከፓኬቱ የወጣው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፣ ገና አዲስ። ክሩን ስጠቀልል ግን እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ በጎኑ ተኝቶ እንደ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ወረወርኩ፣ አንድም የነካው የለም። ይልቁንም ክሬ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ ተጠማዘዘ። ራቅ ብለው የቆሙ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው መጡና «እስቲ ልየው» አሉኝ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሡት፤ አናጢ የጣውላን ቀጥታ እንደሚያይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአፍንጫው ወደ ጅራቱ ተመለከቱ። መንጠቆው የወጣው ከጀርባው መሀል አልነበረም፤ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ግራ ፈንጠር ብሏል። ነቀሉት፣ እንደገና ሰኩት፣ እግራቸው ሥር ውሃው ውስጥ ጎተት አደረጉት። ጅራቱ ግራና ቀኝ ይመታ ጀመር። ዘንጉ ያው ነው፣ ክሩም ያው፣ ቀለሙም ያው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ስለ ቀለምና ስለ ብራንድ ከመጨነቅ በፊት መንጠቆው መሀል ለመሀል መግባቱን ይዩ።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልግለጽ። ባስ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ከሚጠመዱ ዓሦች ሁሉ የበለጠ ወዳጅ ያለው ዓሣ ነው። ሁለቱ የታወቁት ዝርያዎች ላርጅማውዝና ስሞልማውዝ ናቸው። ለመለየት አፉን ይዝጉና የላይኛው መንጋጋ የት እንደሚያልቅ ይዩ፤ ከዓይኑ ኋላ አልፎ ከሄደ ላርጅማውዝ ነው፣ ዓይኑ ሥር ከቀረ ስሞልማውዝ። ሐዋሳ ዳር አድጎ ቆሮሶ በትል ያጠመደ ሰው እዚህ ሲመጣ አንድ ነገር መልመድ አለበት። በትል ሲጠመድ ዓሣውን የሚጠራው ሽታና ጣዕም ነው፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባስ ግን አዳኝ ነው። ሣር ወይም የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ ይጠብቃል፤ ሲደርስለት ያን ሰፊ አፉን ድንገት ከፍቶ ከነውሃው ይምገዋል። ስለዚህ የምናቀርብለት ነገር ማለፍ፣ መንቀሳቀስ፣ መዋኘት አለበት።

ስዊምቤይት የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው። ከለስላሳ ላስቲክ የተቀረጸ ትንሽ ዓሣ ሲሆን ጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ መቅዘፊያ አለው። ከመቅዘፊያው በፊት ያለው አንገት ቀጭን ነው፤ ውሃው መቅዘፊያውን ሲገፋው አንገቱ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ወደ ሌላው ጎን ይታጠፋል። ጅራቱ ግራ ሲመታ ገላው በተቃራኒው ትንሽ ይወዛወዛል። ባስ በጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ የውሃን ንዝረት የሚያዳምጥበት የስሜት መስመር አለው፤ ስለዚህ በደፈረሰ ውሃ እንኳ ሳያይ በፊት ይሰማዋል። ጅራቱ ካልመታ ግን የምንጎትተው ቁራጭ ጎማ ነው።

ለስላሳ ፕላስቲክ ለባስ ማጥመጃ የገባው በዓሣ ቅርጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሬም የተባለ የአክረን፣ ኦሃዮ ሰው የፕላስቲክ ትል ቀረጸ፤ ኩባንያው ኋላ ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ ተዛወረ። ትልልቆቹን የላስቲክ ዓሦች ያስፋፋችው ደግሞ ካሊፎርኒያ ናት። እዚያ ለሕዝብ መዝናኛ ወደ ሐይቆች የሚለቀቀውን ትራውት የተባለ ዓሣ ባሶቹ እየበሉ ይደልቡ ነበርና፣ አጥማጆቹ የትራውት መልክና ቁመት ያለው ላስቲክ መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከጣት የማትረዝመውም ከክንድ የማያንሰውም ስዊምቤይት ተብሎ ይሸጣል። ለጀማሪ የሚበጀው ከ3 እስከ 5 ኢንች ያለው ነው፤ ከ8 እስከ 13 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ትንሹም ትልቁም ባስ ይበላዋል፣ ሲጠፋም አያስቆጭም።

መንጠቆ ሲገዙ ቁጥሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። በተራው ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 6 ቁጥር ከ2 ቁጥር ታንሳለች። ከቁጥሩ ኋላ ዜሮ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ 3/0 ከ1/0 ትበልጣለች፣ 5/0 ከሁለቱም ትበልጣለች። ለ4 ኢንች ገደማ ላስቲክ 3/0 ወይም 4/0፣ ለ5 ኢንች ደግሞ 5/0 ይበቃል። ትልቅ መንጠቆ ብዙ ዓሣ ይይዛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። መንጠቆው ብረት ነው፣ የገባበትን ያህል የላስቲኩን ገላ ያደርቀዋል። ከገላው ግማሽ ብዙ አልፎ ወደ ጅራቱ ከተጠጋ ያ ቀጭን አንገት መታጠፍ ያቅተዋል።

አሁን ወደ መሰካቱ። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ የሚመርጥልን ውሃው ነው።

ውሃው ንጹሕ ከሆነ፣ ማለትም ሣርና ቅርንጫፍ ከሌለበት፣ ጂግ ሄድ የሚባለው ይሻላል። አንገቱ ላይ የእርሳስ ወይም የተንግስተን ኳስ የተጣበቀበት መንጠቆ ነው። ወደ ላስቲኩ ከማስጠጋትዎ በፊት መለካት አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ጂግ ሄዱን ከላስቲኩ ጎን አጋድመው ያስተኙት፤ የኳሱ ኋላ ከላስቲኩ አፍንጫ ጋር እኩል ይሁን። መንጠቆው የሚጎብጥበት ቦታ ከላስቲኩ ጀርባ የቱ ጋ እንደደረሰ ይዩና በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጫን ብለው ምልክት ይተዉ። ጫፉ የሚወጣው እዚያ ነው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አይደለም።

ከዚያ የመንጠቆውን ጫፍ በአፍንጫው መሀል ያስገቡ። አብዛኛው ላስቲክ ከሁለት ቅርጽ ተገጣጥሞ ስለሚወጣ በጀርባውም በሆዱም መሀል ለመሀል የምትሄድ ቀጭን ስፌት የመሰለች መስመር አለችው። ያቺን መስመር አይልቀቋት። መንጠቆውን በኃይል አይግፉት፤ ይልቁንም ላስቲኩን ካልሲ እግር ላይ እንደሚጎትቱ ሰብሰብ እያደረጉ በመንጠቆው ላይ ያስኪዱት። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ጫፉን ወደ ላይ መልሰው መስመሯ ላይ ያውጡት፣ ከዚያ ሰብስበው የነበረውን ላስቲክ ይልቀቁትና ወደ ቁመቱ ይመለስ። በመጨረሻ አፍንጫውን ወደ ኳሱ ገፋ አድርገው ያስጠጉት። ኳሱ ኋላ ላይ ላስቲኩን የምትይዝ ትንሽ አንገት አለች፤ ላስቲኩ እሷን ዋጥ ማድረግ አለበት።

አሁን እንደ ሽማግሌው አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ነው። ከላይ ሲታይ አፍንጫ፣ መንጠቆና ጅራት በአንድ መስመር ካልሆኑ ላስቲኩ ይሽከረከራል። ከጎን ሲታይ ጀርባው ጎበጥ ካለ ጫፉን ከምልክቱ አሳልፈው አውጥተውታል፤ ከተለጠጠ ደግሞ ቀድመው አውጥተውታል። ሳይሰስቱ ነቅለው እንደገና ይስኩት። እውነት ነው፣ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ላስቲኩ መያዝ ይተዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሱፐር ግሉ ነው፤ አፍንጫው ኳሱን በሚነካበት ቦታ አንዲት ጠብታ አድርገው ለጥቂት ሰኮንድ ይዘው ቢጠብቁ አንድ ላስቲክ የሦስቱን ሥራ ይሠራል። ላስቲኩ እርጥብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጥረጉት።

ክብደቱስ? ሩብ አውንስ፣ 7 ግራም ገደማ፣ ለብዙው ቦታ ይሆናል። ከ1 ሜትር ብዙም በማይጠልቅ ውሃ ግማሹን፣ በጥልቅና በነፋስ ጊዜ እጥፉን መውሰድ ነው። የከበደ ራስ ላስቲኩን ወደ ታች ስለሚወስደው ከፍ ለማድረግ ፈጥኖ መጠቅለል ግድ ይላል፤ ባስ በቀዘቀዘ ውሃ ፈጣን ነገር ማሳደድ አይወድም። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ቀለል ያለ ራስ፣ ዝግ ያለ እጅ።

ሁለተኛው መንገድ የሣር ነው፣ እኔም አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው እዚህ ላይ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ከዋሽንግተን በታች ባለው ክፍሉ በበጋ በሃይድሪላ ይሞላል። ሃይድሪላ ከውጭ የመጣ የውሃ ውስጥ አረም ነው፤ ፖቶማክ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ባሱ ደስ ብሎት ይኖርበታል፣ አጥማጁ ግን ጂግ ሄድ ከወረወረ በየውርወራው አንድ እፍኝ ሰላጣ ይዞ ይመለሳል። ሜሪላንድ በኩል ማታዎማን ክሪክ ላይ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሰላጣ ስለቅም ውዬ ነው የዚህኛው አሰካክ ጥቅም የገባኝ።

እዚህ የሚፈለገው ሆዱ ሰፊ የሆነ፣ እርሳሱ ራሱ ላይ ሳይሆን ግንዱ ሥር የተጣበቀበት፣ ክር በሚታሰርበት ዓይኑ ላይም ትንሽ ስፕሪንግ የተንጠለጠለበት መንጠቆ ነው። ስፕሪንጓን እንደ አምፖል እያዞሩ በላስቲኩ አፍንጫ መሀል ያስገቧት። ስትገባ ጠመም ካለች የቀረው ሁሉ ይጣመማል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ቀስ ብለው ይጀምሩ። ከዚያ መንጠቆውን ከጎን አስተኝተው እንደ ቅድሙ ይለኩና፣ ጫፉን በሆዱ በኩል አስገብተው በጀርባው ያውጡት። ብዙዎቹ ላስቲኮች ለዚሁ ብለው ሆዳቸው የተሰነጠቀ፣ ጀርባቸውም ቦይ ያለው ነው። የወጣውን ጫፍ ቦዩ ውስጥ ያስተኙት፣ ቦይ ከሌለው የላስቲኩን ቆዳ በጣም በስሱ ያልብሱት። ጣትዎን ከአፍንጫው ወደ ጅራቱ ሲያሳልፉ ጫፉ መቧጠጥ የለበትም። እንዲህ ከሆነ በሣር መሀል ሾልኮ ያልፋል።

እርሳሱ ከሆድ በታች መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። መርከብ እንዳይገለበጥ ከታች ክብደት እንደሚጫንበት ሁሉ፣ ላስቲኩም ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ እንዲቆይ ክብደቱ ከሥር ይይዘዋል። በፍጥነት ሲጎተትም ቶሎ አይንከባለልም። እርሳስ የሌለበት መንጠቆ ቢኖርዎት አይጣል፤ ውሃው ፊት ላይ፣ ከሣሩ አናት ላይ ሳብ ሳብ ለማድረግ ይሆናል። ስፕሪንግ ከሌለውም የቴክሳስ አሰካክ አለ፦ ጫፉን በአፍንጫው ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ አስገብቶ በአገጩ ማውጣት፣ ዓይኑ አፍንጫው ውስጥ እስኪደበቅ መሳብ፣ መንጠቆውን ወደ ገላው ማዞር፣ ቀሪውን እንደ ላይኛው መጨረስ። የሚሠራ ነገር ነው፤ ግን ለስላሳ አፍንጫ ቶሎ ይቀደዳል።

ከሁለቱም መንገዶች ውጭ ያሉት ለጊዜው የእርስዎ አይደሉም፣ በአጭሩ ብቻ ልጥቀሳቸው። ከ20 ሴንቲሜትር በላይ በሆኑት ትልልቅ ላስቲኮች ውስጥ ክሩ ራሱ በገላው ውስጥ አልፎ ሆዱ ሥር ከተንጠለጠለ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ጋር ይታሰራል፤ ዓሣው ሲያዝ ላስቲኩ በክሩ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ባሱም በላስቲኩ ክብደት ተጠቅሞ ራሱን ሲያራግፍ መንጠቆውን አይነቅልም። እንዲህ ያለውን የሚወረውሩት ቀኑን ሙሉ ለአንድ ትልቅ ዓሣ መቆም የማይሰለቻቸው ናቸው። የላርጅማውዝ የዓለም ክብረ ወሰን 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ጆርጅ ፔሪ፣ በ2009 ደግሞ ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ማናቡ ኩሪታ ይዘውት በጋራ ተመዝግቦላቸዋል። አላባማ ሪግ የሚባለው ደግሞ እንደ ጃንጥላ አጥንት በተዘረጉ አምስት ሽቦዎች ላይ አምስት ላስቲክ የሚያሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፖል ኤሊያስ ጉንተርስቪል ሐይቅ ላይ ውድድር ሲያሸንፍበት አገሩን አንቀጠቀጠ፤ ባስ ተብሎ የሚጠራው ትልቁ የአጥማጆች ማኅበር ከዋና ዋና ውድድሮቹ አገደው። መንጠቆ በዝቶ የሚያስቀጣበት ግዛትም አለና ሳይጠይቁ አይግዙት።

ተሰክቶ ካለቀ በኋላ ከመወርወር በፊት እግር ሥር መሞከር ነው። ከዘንጉ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ክር ለቀው ላስቲኩን በጎንዎ ይጎትቱት። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ጅራቱ መምታት የሚጀምርበትን ፍጥነት እስኪያገኙ፤ ከዚያ ፈጠን አድርገው፣ መገልበጥ የሚጀምርበትን እስኪያገኙ። ዓሣ የሚያዘው በሁለቱ መካከል ነው። ጅራቱ በፓኬት ውስጥ ተጣጥፎ ከቆየና ካልተቃና ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንድ ነክረው ቀጥ አድርገው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ እንደ አዲስ ይሆናል። ከፓኬቱ ጋር የሚመጣውን ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ማስቀመጫም አይጣሉት፣ ጅራት የሚያጣምመው ግዴለሽ አቀማመጥ ነው።

አቀማመጥን ካነሣሁ የራሴን ጥፋት ልናገር። ተራው ላስቲክ ከፒቪሲ የሚሠራ ነው። ከሌላ ዓይነት ማቴሪያል የሚሠራ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ በቀላሉ የማይቀደድ ላስቲክም አለ። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ጨምሬ በሐምሌ መኪና ውስጥ ተውኳቸው። ስከፍተው ነጩም አረንጓዴውም ቀልጦ አንድ ቅባታም ሊጥ ሆኗል፣ የሳጥኑን ታች ጭምር ይዞ። ሁለቱ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ያቀልጠዋል። ለየብቻ፣ በየራሳቸው ፓኬት።

ዓሣው ሲነካ የሚሰማው አንዳንዴ «ቶክ» የምትል ምት ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ ክሩ ድንገት ይከብዳል። ጂግ ሄድ ላይ ጫፉ የተገለጠ ስለሆነ መጠቅለልን ሳያቆሙ ዘንጉን ወደ ጎን መሳብ ይበቃል። በሣር መንጠቆ ግን ጫፉ መጀመሪያ ከላስቲኩ መውጣት አለበት። ባሱ እስኪከብድዎት ክሩን ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይሳቡ። ምቷን እንደሰሙ ደንግጦ መንጨቅ ላስቲኩን ከአፉ መንጠቅ ነው፤ እኔ ዛሬም አልተላቀቅሁትም። አልፎ አልፎ ፖቶማክ ላይ የመታዎት ባስ ላይሆን ይችላል። ከእስያ የመጣው ስኔክሄድ የተባለ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዚህ ወንዝ ይታወቃል፤ ጥርሳም ስለሆነ ላስቲኩን ያለ ጅራት ይመልስልዎታል።

ስለ ቀለም ብዙ ይወራል። የባስ ምግብ የሆነው ሻድ የተባለ ዓሣ ብርማ ነጭ ነውና ነጭ ወይም ግራጫ፣ ሣር ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ የመሰለ ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በላይ ያለው የሱቁ ገበያ ነው።

ዕድሜው 16 የሞላ ሰው በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በዲሲም በጥቅሉ ፈቃድ ሳያወጣ ዘንግ መዘርጋት አይችልም፤ ፈቃዱ በኢንተርኔት ይገዛል። ኒው ሃምፕሽርንና ሜይንን በመሰሉ ግዛቶች ትንንሽ የእርሳስ ክብደት ክልክል ነው፤ ሉን የተባለው የውሃ ወፍ እየዋጠው ይሞታልና። ወደዚያ የሚሄድ ተንግስተን ይያዝ። ከፖቶማክ የያዙትን ለመብላት ካሰቡም መጀመሪያ የግዛቱን የጤና ማሳሰቢያ ያንብቡ፣ ፒሲቢ የተባለው ብክለት ያለባቸው ዓሦች አሉበት። የተቀደደውን ላስቲክ ውሃ ውስጥ አይጣሉት። ባስ ከታች የወደቀውን አንሥቶ ይውጠዋል፣ ሆዱ ደግሞ አይፈጨውም። እኔ ለዚሁ ብዬ ባዶ የቡና ቆርቆሮ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ሞልቷል።